ኮምፒዩተሩ «ቆዪ» ሲላት

የአባይነሽ ገብረወልድ ጣቶች በአሰላ የታወቁ ነበሩ። ከከተማው በላይ፣ በባሕር ዛፎቹ መሀል ያለውን የእርሻ ቢሮ ደጃፍ የረገጠ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው የጽሕፈት መኪናዋን ድምፅ ነው፤ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ሳያቋርጥ ይንጣጣል። ኃላፊው ቆመው ደብዳቤ ሲያጽፏት የመጨረሻው ቃል ከአፋቸው እንደወጣ ወረቀቱን ስባ ታቀብላቸዋለች። ለጉዳይ የመጡ ገበሬዎች ሳይቀሩ በረንዳው ላይ ተቀምጠው በመስኮት እያዩ ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር።

እንዲህ መሆኗ እናቷን ወይዘሮ ወለተ ማርያምን ሁልጊዜ ይገርማቸው ነበር። አባይነሽ በልጅነቷ ፈዛዛ ነበረችና። ያደገችው ከአሰላ ወደ ጭላሎ ተራራ በሚያወጣው መንገድ ዳር፣ ቅድመ አያቶቿ ከሸዋ መጥተው በሰፈሩበት መሬት ላይ ነው። ውኃ ቅጂ ተብላ ስትላክ ጉሙ ከተራራው ሲወርድ ቆማ ታያለች። ጉሙ መጀመሪያ ጥዶቹን ይውጣል፤ ቀጥሎ የጎረቤታቸውን የአቶ ቱሳን ጎጆ፤ ኋላ የራሷን እግር። እሷም እንስራዋን እንደያዘች፣ መሬት እንዳልረገጠች እየመሰላት እዚያው ትቀራለች። አባቷ ሲሞቱና መሬቱም በዐዋጅ ለገበሬ ማኅበር ሲሆን እናትና ልጅ ወደ ከተማ ወረዱ። እናቷ ዳንቴል እየሠሩ ይሸጣሉ፤ እሷ ማታ ማታ የጽሕፈት መኪና ተማረች። መኪናው ለሐሳብ ጊዜ አይሰጥም። ዓይን ወረቀት ላይ፣ ጣት ቁልፉ ላይ፤ በቃ። ሠላሳ ዓመት ሲሞላት ጉሙን ቀና ብላ የማታይ፣ ሰውም «ምን ይቺ፣ ማሽን ናት እኮ» የሚላት ሴት ሆና ነበር።

በ1980 ዓ.ም. የበልጉ ዝናብ ሲጀምር ለቢሮው አዲስ ኮምፒዩተር መጣ። የገብሱን ጥናት የሚረዱ የውጭ አገር ሰዎች የላኩት ነው። እንዲህ ያለ ነገር በዓይኑ ያየ ሰው በከተማው ብዙ አልነበረምና ከላንድሮቨሩ ሲወርድ ሠራተኛው ሁሉ ግቢ ውስጥ ቆሞ ተመለከተ። የቢሮው ኃላፊ አቶ አሳምነው ጠንቃቃና ቶሎ የሚሰጉ ሰው ነበሩ። እንግዳ የሚቀበሉበትን ክፍል ለኮምፒዩተሩ ለቀቁለት። ወለሉ ላይ ምንጣፍ ተነጠፈ፤ መስኮቱ ላይ ነጭ መጋረጃ ተሰቀለ፤ በሩ ላይም ጫማ ሳያወልቁ መግባት ክልክል ነው የሚል ወረቀት ተለጠፈ። እንድትሠራበት የተመረጠችው አባይነሽ ነበረች። ኃይለየሱስ የሚባል ወጣት ቴክኒሽያን ከአዲስ አበባ መጥቶ ማብራትና ማጥፋቱን፣ ዲስክ ማስገባቱን፣ ሰንጠረዥ ከፍቶ ቁጥር መሙላቱን አሳያት። ሲቸግራት እንድትደውልለት ነግሯት በማግስቱ ተመለሰ።

አባይነሽ ክፍሉን ወደደችው። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን እንደምትገባ ሁሉ ጫማዋን በር ላይ ትታ፣ በሹራብ ካልሲዋ ምንጣፉን እየረገጠች ትገባለች። ኮምፒዩተሩ ሲበራ ጨለማው ስክሪን ላይ አረንጓዴ ፊደላት ይመጣሉ፤ ከጥልቅ ውኃ ውስጥ ቀስ ብለው የሚወጡ ይመስሏታል። እናቷ አቧራ እንዳይገባበት ብለው ነጭ ዳንቴል ሠሩለት። ማታ ስትወጣ ዳንቴሉን ታለብሰዋለች፤ እንዳይንሸራተትም ጫፉን ከፊት ለፊት በአውራ ጣቷ እየጫነች ታስገባዋለች።

ሥራው የገብስ ነበር። ከኢተያ እስከ በቆጂ በየቦታው የተዘሩ የገብስ ዓይነቶች ለዓመታት የሰጡት ምርት ሁሉ ሰንጠረዡ ውስጥ ይገባል፤ የትኛው ዓይነት ውርጩን፣ የትኛው ዋጉን እንደቻለ ይታያል። የተመረጠው በአዲሱ ዓመት አዝመራ ለዘር እንዲያዝ ሪፖርቱ ከክረምቱ ማብቂያ በፊት አዲስ አበባ መድረስ ነበረበት።

ቁጥሩን የሚያነብላት ማሳዎቹን የሚከታተለው የሰብል ባለሙያ ደገፋ ኢዶሳ ነበር። ደገፋ የበቆጂ አካባቢ ሰው ነው፤ ረጅም፣ ዝግ ብሎ የሚናገር፣ አማርኛው ውስጥ የኦሮምኛው ዜማ የሚሰማ። ጴንጤ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። የጸሎት ቤታቸው ተዘግቶ የስብሰባ አዳራሽ ከሆነ ወዲህ ምእመናኑ በየቤቱ በዝግታ ይሰበሰባሉ ይባል ነበር፤ እሱም በዚህ ምክንያት አንድ ጊዜ ታስሮ ተፈቷል። በቢሮው ውስጥ ከሥራ ውጭ ብዙ ሰው አያናግረውም። አባይነሽም ብትሆን አብራው ሠርታ ከሰላምታ ያለፈ ነገር ተነጋግራ አታውቅም ነበር። «ወይዘሪት አባይነሽ» ይላታል፤ «አቶ ደገፋ» ትለዋለች።

መጀመሪያ ላይ ሥራው ሮጠ። ደገፋ ያነባል፣ እሷ ትመታለች፣ ቁጥሩ ቦታው ላይ ቁጭ ይላል። ግንቦት ሲጋመስ ግን ማሽኑ መዘግየት ጀመረ። ቁጥር ጽፋ ቁልፉን ስትጫን አረንጓዴዋ ጠቋሚ ባለችበት ትደርቃለች። በላይኛው ማዕዘን ላይ አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ትበራለች፤ ቃሏ እስክትጠፋ የሚሠራ ነገር የለም። መጀመሪያ የዓይን ጥቅሻ ያህል ነበር። ከዚያ ሻይ አንድ ጊዜ ፉት የሚባልበትን ያህል ሆነ። ሰኔ ሲገባ ከአንድ ቁጥር እስከ ቀጣዩ ቁጥር ድረስ ሰው ተነሥቶ መጋረጃውን ገልጦ፣ ውጭ አይቶ ይመለሳል።

አባይነሽ እንግሊዝኛውን ትመታዋለች እንጂ አጥብቃ አታውቀውም። ቃሏ ምን እንደምትል ደገፋን ጠየቀችው።

«ይቆዩ ነው የሚልዎት» አላት። ከዚያ ትንሽ አሰብ አደረገ። «በእንግሊዝኛው ግን አንቱ የሚባል ነገር የለም። ‹ቆዪ› ነው እንጂ የሚልሽ።»

አንቺ ማለቱን የሰማው ከአፉ ካወጣው በኋላ ሳይሆን አይቀርም፣ አንገቱን ደፋ። እሷ ግን ሳቀች። ማሽኑም አንቺ ካላት ሰውስ ቢላት ምን አለበት አለች። ከዚያ ቀን ወዲህ እሱ አንቺ፣ እሷ አንተ ተባባሉ።

ፈጣን ለሆነ ሰው መጠበቅ ሥቃይ ነው። አባይነሽ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት በጣቶቿ ጉልበቷን እየመታች አሳለፈች። ከዚያ በኋላ የሆነ ነገር ውስጧ ተለቀቀ። ቃሏ በበራች ቁጥር ዓይኗ ወደ መስኮቱ ይሄዳል። ጭላሎ እዚያ ነው። ጉሙ ከጫፉ ተነሥቶ በጥዶቹ ላይ ይንከባለላል፤ ባሕር ዛፎቹን ይይዛል፤ ግቢው ውስጥ የቆመውን ላንድሮቨር ቀስ አድርጎ ይሸፍነዋል። አንዳንዴ ክፍሉ ራሱ ከመሬት ተነሥቶ በነጩ መሀል የሚንሳፈፍ ይመስላታል፤ ምንጣፉ፣ መጋረጃው፣ አረንጓዴው ብርሃን፣ በካልሲያቸው የተቀመጡት ሁለት ሰዎች። ስንት ዓመት ሙሉ ቀና ብላ ያላየችው ተራራ እዚያው ቆይቷት ነበር።

ደገፋም በዚያ መሀል ማውራት ለመደ። ያነበበውን ቁጥር ሲያስረዳት መጀመሪያ ለሥራው ይመስል ነበር። ይሄ በቆጂ ነው፤ በዚያ ዓመት ጥቅምት ላይ ውርጭ ወርዶ ጠዋት ማሳው ጨው የተበተነበት ይመስል ነበር። ይሄ ደግሞ ከኢተያ ወጣ ብሎ ነው፤ ማሳውን የምትጠብቀው ከዲጃ የምትባል ባልቴት ወፍ ስታባርር የምትዘፍነውን ዘፈን ሌላ ቦታ ሰምቶ አያውቅም። እዚህ ባዶ የሆነው በረዶ መትቶት ነው፤ እዚያ የበዛው እናቱ ጓሮ አጠገብ ስለሆነ፣ ሳትነግረው ፍግ አፍስሳበት ነው። አባይነሽ ስትመታው የኖረችው ቁጥር ሁሉ ጀርባው ላይ ነፋስና ሰው እንዳለው ያን ጊዜ አወቀች። ሰባት ቁጥርን ከስምንት የሚለየው በረዶ የወረደበት አንድ ከሰዓት ሊሆን ይችላል። ቃሏ ስትጠፋ ሁለቱም ከሩቅ አገር እንደተመለሱ ሁሉ ትንሽ ደንገጥ ብለው ሥራቸውን ይቀጥላሉ።

ሥራው ግን ወደ ኋላ እየቀረ ነበር። አቶ አሳምነው በየጠዋቱ በሩ ላይ ጫማቸውን እያወለቁ ይገባሉ፤ ስንት እንደተሞላ ይጠይቃሉ፤ ፊታቸው ይጠቁራል። መፍትሔ ፍለጋው ተጀመረ። መጀመሪያ መብራቱ ተጠረጠረ። የአሰላ መብራት ወፍጮዎቹ ሲነሡ ስለሚደክም፣ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ተጠርቶ ለካ፤ ኮምፒዩተሩ ያለበት መስመር ደኅና ነው አለ። ለማንኛውም ተብሎ ኃይል የሚያስተካክል ሳጥን ተገዝቶ ተገጠመ። ለውጥ የለም። ቀጥሎ ብርዱ ነው ተባለ። አቶ አሳምነው ከቤታቸው የጋዝ ምድጃ አስመጡ፤ ክፍሉ ሞቀ፣ አባይነሽ እንቅልፍ እንቅልፍ አላት፣ ማሽኑ እንደሆነ ያው። ኃይለየሱስ በስልክ ይህን ሲሰማ ምድጃውን ቶሎ እንዲያወጡት፣ ኮምፒዩተር ብርድ እንደሚወድ ተናገረ። አቧራ እንዳይሆን ብሎ ክዳኑን አስከፍቶ በስስ ብሩሽ አስጠረጋቸው። ዲስኩ ሞልቶ እንዳይሆን ብሎ የማያስፈልገውን አስጠፋቸው። ደገፋ ክዳኑን ሲመልስ ለታመመ ጥጃ እንደሚነገር ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሱታ፣ ሱታ» ይለው ነበር፤ በኦሮምኛ ቀስ በል ማለቱ ነው። አባይነሽ ከጎረቤታቸው ከአቶ ቱሳ ልጆች ጋር ያደገች ናትና ገባት፤ ከዚህም በላይ ቀስ ካለማ ሞተ ማለት ነው አለችው።

ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ከክፍለ ሀገሩ የፓርቲ ጽሕፈት ቤት አንድ ካድሬ መጣ። የውጭ አገር ሰዎች የሰጡት አዲስ ማሽን ቆሟል የሚል ወሬ ደርሶት ነው። ክፍሉ በር ላይ ጫማውን አላወለቀም፤ ያወልቅ ዘንድ የነገረውም የለም። ምንጣፉ ላይ የጭቃ ፈለግ እየተወ ገብቶ፣ አባይነሽ አንዲት ቁጥር እስክታስገባ ቆሞ አየ፤ ቃሏ በራች፤ ቆየች። አዲስ ዕቃ በራሱ እንዲህ እንደማይሆን ተናገረ። አሻጥር የሚለውን ቃል ማንንም ሳያይ፣ እንደዋዛ ተናግሮት ወጣ።

በዚያ ዘመን ያ ቃል ቀልድ አልነበረም። አቶ አሳምነው ከሰዓት በኋላ አባይነሽን ቢሯቸው ጠርተው በሩን ዘጉ። እስክሪብቷቸውን ሲያገላብጡ ቆዩ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ልጆች ነበሯቸው። ደገፋ ከዚህ ቀደም የታሰረ ሰው መሆኑን፣ ማሽኑን የሚጠጋ ከእሷ ሌላ እሱ ብቻ መሆኑን አስታወሷት። ሲነካካው አይታ እንደሆነ፣ ባታይም እንኳ ትንሽ የምትጠረጥረው ነገር ካለ ብትናገር ለሁሉም እንደሚበጅ አግባቧት።

«ማሽኑን የምነካው እኔ ነኝ» አለቻቸው አባይነሽ። «እሱ ያነባል፣ እኔ እመታለሁ። ክዳኑን ሲከፍት እንኳ እርስዎ ፈቅደው ነው። ጥፋት ከተገኘ የእኔ ነውና እኔን ይጻፉ።»

አቶ አሳምነው ቀና ብለው አዩዋት። እንደዚያ ስትናገር ሰምተዋት አያውቁም። የሚጻፍ ነገር እንደሌለ፣ ግን ማሽኑ ከወሩ መጨረሻ በፊት መስተካከል እንዳለበት ነግረው አሰናበቷት። ኮሪደሩ ላይ ስትወጣ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ውጭ ዝናቡ ይወርዳል፤ አንድ ጋሪ በጭቃው ላይ ሲሄድ የፈረሱ ኮቴ ከሩቅ፣ ከሕልም ውስጥ እንደሚመጣ ሆኖ ተሰማት። ለደገፋ የተባለውን አልነገረችውም።

ነገሩ የተፈታው በችግኝ ምክንያት ነው። በዚያ ሳምንት መጨረሻ ሠራተኛው ሁሉ ችግኝ ተከላ ይወጣ ነበርና፣ ማን የት እንደሚተክል አባይነሽ እንድትጽፍ ታዘዘች። የጽሕፈት መኪናዋ ሪባን አልቆ ስለነበር አዲስ ባዶ ሰንጠረዥ ከፍታ እዚያው ኮምፒዩተሩ ላይ ስሞቹን በእንግሊዝኛ ፊደል መምታት ጀመረች። ግማሽ ያህል ጽፋ ከቆየች በኋላ ነው ነገሩ የታወቃት። ጣቶቿ አልቆሙም። ያቺ ቃል ከነጭራሹ አልበራችም። እጇን ከቁልፎቹ ላይ አንሥታ ፈርታ ተመለከተችው።

ደገፋ ሲገባ አሳየችው። ባዶው ሰንጠረዥ ላይ ቁጥር መታች፤ ቁጭ አለ። የገብሱን ሰንጠረዥ ከፈተችና መታች፤ ማሽኑ ደረቀ።

«አልታመመም ማለት ነው» አላት ደገፋ ቀስ ብሎ። «ተሸክሞ ነው።»

ቀኑን ሙሉ እንደ ልጅ ተጫወቱበት። የበቆጂውን ብቻ ለይተው በሌላ ሰንጠረዥ አደረጉት፤ ፈጠነ። የኢተያውን ጨመሩበት፤ ትንሽ ጎተተ። ሌላ ሲጨምሩ ደግሞ የባሰ ጎተተ። አብረው በልጉን አስታወሱ፤ መጀመሪያ ሰንጠረዡ ባዶ ሳለ እንዴት ይሮጥ እንደነበር፣ እነሱ ባጎረሱት መጠን እንዴት እየከበደው እንደሄደ። በማግስቱ የስልክ መስመር እስኪገኝ ጠብቀው ለኃይለየሱስ ነገሩት።

ኃይለየሱስ ከመስመሩ ማዶ ግንባሩን ሲመታ ተሰማ። ይህን ሳያሳያት መሄዱን አምኖ ይቅርታ ጠየቃት። ሰንጠረዡ ውስጥ ያሉት ድምሮችና አማካዮች ሁሉ እርስ በርስ የተያያዙ ናቸው፤ አንድ ቁጥር በገባ ቁጥር ማሽኑ ከላይ እስከ ታች ያለውን ሁሉ እንደገና ያሰላል። ቁጥሩ ሲበዛ ስሌቱም ይበዛል። ስለዚህ ራሱ በራሱ እንዳያሰላ፣ ሙሌቱ ሁሉ ካለቀ በኋላ ሲታዘዝ ብቻ እንዲያሰላ ማድረግ ይቻላል። የትኛውን ቁልፍ ተራ በተራ እንደምትጫን ነገራት፤ እሷም የስልኩን እጀታ በትከሻዋና በጆሮዋ መሀል ይዛ ተጫነች። ከዚያ ኃይለየሱስ ሌላ ነገር ጠየቀ። በኮምፒዩተሩ ሣጥን ፊት ለፊት አንዲት ትንሽ ቁልፍ አለች፤ ማሽኑ በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ አጠገቧ ቢጫ መብራት ትበራለች። በርታለች ወይ?

አልበራችም። አባይነሽ ቁልፏን ተጫነቻት፤ ቢጫዋ መብራት በራች። ማን እንዳጠፋት ኃይለየሱስ ሲጠይቅ አባይነሽ ዓይኗ ወንበሩ ላይ ወደ ተጣጠፈው የእናቷ ዳንቴል ሄደ። ጫፉን በአውራ ጣቷ የምትጫንበት ቦታ ልክ እዚያ ነበር። ደገፋ ዓይኗን ተከትሎ አየ፤ ዳንቴሉን አንሥቶ በጥንቃቄ አጣጠፈና እጇ ላይ አስቀመጠው።

«ይቺን ቤት ውሰጃት» አላት።

ለአቶ አሳምነው የሰንጠረዡን ነገር ብቻ ነገሯቸው፤ እሳቸውም ለካድሬው ምክንያቱ የአሠራር እንደነበር፣ ተስተካክሎም ሥራው መቀጠሉን ጽፈው ላኩ። ከዚያ በኋላ የጠየቀ የለም።

ማሽኑም ሮጠ። አባይነሽ እንደ ድሮው ጣቶቿን ለቀቀቻቸው፤ ደገፋ ያነባል፣ እሷ ትመታለች፣ ለመተንፈስ እንኳ ፋታ የለም። ቃሏ አትበራም። በመስኮቱ በኩል ጉሙ ይምጣ ይሂድ የሚያየው የለም። ደገፋ ስለ ወፍ ጠባቂዋ፣ ስለ ውርጩ፣ ስለ እናቱ ጓሮ ምንም አይናገርም፤ በየት መሀል ይናገር? ሥራው ሲያልቅ ጫማውን አድርጎ፣ ደኅና ዋይ ብሎ ይሄዳል። ሁሉም ሰው ደስ ብሎት ሳለ አባይነሽ ማታ ወደ ቤቷ ስትመለስ የሆነ ሰው የተለያት ያህል ይከፋት ነበር። እናቷ አሟት እንደሆነ ጠየቋት። ደክሞኝ ነው አለች።

ነሐሴ ላይ የመጨረሻው ቁጥር ገባ። ዝናቡ ለጊዜው አባርቶ ነበር፤ ግቢው በጉም ተሞልቷል። አሁን የቀረው ማሽኑን እንዲያሰላ ማዘዝ ብቻ ነው። አባይነሽ ደገፋን አየችው፤ ራሱን ነቀነቀ፤ ቁልፉን ተጫነች።

ማዕዘኑ ላይ ቃሏ በራች። «ቆዪ።»

በየቁጥሩ ሳያሰላ ያለፈው ሁሉ አሁን አንድ ላይ ወጣ። ማሽኑ ዝም ብሎ ያሰላል፤ ቃሏ አትጠፋም። ከኢተያ እስከ በቆጂ ያለው ማሳ ሁሉ፣ የዓመታቱ ዝናብና ውርጭ በዚያ ሣጥን ውስጥ እየዞረ ነው። ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው አረንጓዴዋን ቃል ያያሉ። ጉሙ መስኮቱን ሙሉ በሙሉ ሸፈነው፤ ዓለም ያ ክፍል ብቻ ሆነ።

«ወደ በቆጂ ልዛወር ነው» አለ ደገፋ፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ላይ ሳያነሣ። «ከመስከረም ጀምሮ። ብቻዬን ልሄድ አልፈልግም። ቤተ ሰብሽ እንደማይወድልሽ አውቃለሁ፤ ሃይማኖቴን ታውቂያለሽ፣ መታሰሬንም ታውቂያለሽ። ግን አንቺን ሳልጠይቅ መሄድ አልቻልኩም።» ከዚያ ወደ ራሱ ቋንቋ ተመለሰ። «ሱታ ያዲ» አላት፤ ቀስ ብለሽ አስቢበት ማለቱ ነው።

አባይነሽ ብዙ አልቆየችም።

«አስቤበታለሁ» አለችው። «ክረምቱን ሙሉ ሳስብ ነው የከረምኩት።»

ቃሏ መቼ እንደጠፋች ሁለቱም አላዩም። ቀና ሲሉ ሰንጠረዡ ተሞልቶ ነበር። ደገፋ ለሥራው ሲል ቁጥሮቹን ማንበብ ጀመረ፤ ሁለት ጊዜ ግን ተሳስቶ ተወው።

ወይዘሮ ወለተ ማርያም ሲነገራቸው አልጮኹም። መጀመሪያ የያዙትን ዳንቴል ጎን አስቀመጡ። ከዚያ ታቦት ለማይሳለም፣ ጾም ለማያውቅ ሰው ልጅ አልሰጥም አሉ። አባይነሽ አልተከራከረቻቸውም። እስከ ጥር ድረስ ቆየች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደገፋ ከበቆጂ በአውቶቡስ እየወረደ ደጃፋቸው ላይ ይቆማል፤ እሳቸው ግባ አይሉትም፤ እሱም ከውጭ ሰላምታውን አቅርቦ ይመለሳል። ጥር ላይ ማዘጋጃ ቤት ተፈራርመው ተጋቡ። ሠርጉ ትንሽ ነበር። አቶ አሳምነው ከባለቤታቸው ጋር መጥተው ለምስክርነት ፈረሙ፤ ጠርጥረውት የነበረውን ሰው እጅ ሲጨብጡ ቶሎ አልለቀቁትም። እናቷ አልመጡም።

በቆጂ ከአሰላ ይበርዳል። አባይነሽ እዚያ ትምህርት ቤት ጸሐፊ ሆነች፤ ከአንዲት አሮጌ የጽሕፈት መኪና ሌላ ማሽን አልነበራትም። የተመረጠው ገብስ ከቤታቸው ማዶ በነበረው ማሳ ላይ ተዘርቶ፣ መስከረም ላይ ሲያሽት ነፋሱ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው እያስተኛ እያስነሣው ሲሄድ ታይ ነበር። ጠዋት ጠዋት ሯጮች በማሳው ዳር ባለው መንገድ ያልፋሉ፤ ትንፋሻቸው ከጉሙ ጋር ይቀላቀላል።

ወይዘሮ ወለተ ማርያም የመጡት ልጅ ከተወለደ በኋላ ነው። ሳይናገሩ ነው የመጡት። ደገፋ ከማሳ ሲመለስ አውቶቡስ መቆሚያው ላይ ነጭ ጋቢ የለበሱ ሴትዮ ጓዛቸውን አጠገባቸው አድርገው፣ በብርድ እየተንቀጠቀጡ ቆመው አገኛቸው። ካፖርቱን አውልቆ ትከሻቸው ላይ ጣለላቸው፤ ጓዙንም አነሣ። ወደ ቤት ሲሄዱ መንገዱ ጭቃ ነበርና አንድ ቦታ ላይ እግራቸው አዳለጣቸው፤ ክንዱን ያዙ።

«ቀስ በል እንጂ፣ ልጄ» አሉት። «ምን ያስሮጥሃል፤ እደርሳለሁ።»

ደገፋ እርምጃውን ከእሳቸው ጋር አስተካከለ። አባይነሽ ሕፃኑን ታቅፋ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ሁለቱን ተያይዘው ከጉሙ ውስጥ ሲወጡ አየቻቸው፤ ልትጠራቸው አፏን ከፍታ ተወችው። በራሳቸው ጊዜ እስኪደርሱ ጠበቀቻቸው።